ከፊተኛው ረድፍ ወደ ኋለኛው፦ የመጀመሪያው የሂት ክፍለ ጊዜዬ

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ አንድ ረቡዕ ምሽት፣ አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ በሚገኝ ጂም ውስጥ በሕይወቴ የመጀመሪያ የሆነውን የሂት (ከባድ ጥረትንና አጭር ዕረፍትን የሚያፈራርቅ) የቡድን ስፖርት ልሠራ ገብቼ በ19ኛው ደቂቃ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ዓይኔ ጨልሞብኝ፣ ጆሮዬ እየጮኸ፣ የበላሁት ምግብ ወደ ጉሮሮዬ እየተናነቀኝ ነበር። ያን ምሽት ወደ ቤቴ ስመለስ ዳግመኛ እግሬ ያን ቤት እንደማይረግጥ ወስኜ ነበር። ዛሬ በሳምንት ሁለት ቀን እዚያው እሠራለሁ። በመካከሉ ያየሁትንና የተማርኩትን በዝርዝር የምጽፈው፣ እንደ እኔ ለብዙ ዓመታት ወንበር ላይ የቆዩ ሰዎች ሳይዘጋጁ ገብተው እንዳይጎዱ፣ ወይም በአንድ ክፉ ምሽት ምክንያት ስፖርትን ጨርሰው እንዳይተዉ ስለምፈልግ ነው።

ሥራዬ የሒሳብ ሥራ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ እገባለሁ፣ ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት ተኩል እወጣለሁ፤ በመካከሉ ከወንበሬ የምነሣው ለምሳና ለቡና ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ዕድሜዬ ያኔ 39 ነበር። ተማሪ ሳለሁ መረብ ኳስ እጫወት ስለነበር ሰውነቴ ስፖርት ያውቃል የሚል እምነት ነበረኝ። ከሁሉ አስቀድሞ ያሳሳተኝም ይህ እምነት ነው፤ ልብና ሳንባ ከ20 ዓመት በፊት ያገኙትን ብርታት አስቀምጠው አይጠብቁም፤ ልምምድ ከተቋረጠ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብቃታቸው መቀነስ ይጀምራል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ነይ እንሂድ፤ 45 ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቀኑ ድካም ሁሉ ይለቅሻል» ስትለኝ ያለ ብዙ ማሰብ ተከትያት ሄድኩ።

ሂት የሚባለው የስፖርት ዓይነት ለአጭር ጊዜ በከፍተኛ ጥረት መሥራትንና ለአጭር ጊዜ ማረፍን እያፈራረቁ የሚሠሩት ነው። የእኛ ክፍለ ጊዜ ለ8 ደቂቃ ያህል ሰውነት በማሟሟቅ ይጀምርና ወደ ስድስት እንቅስቃሴዎች ይገባል፤ እያንዳንዱ 40 ሴኮንድ ይሠራል፣ 20 ሴኮንድ ይታረፋል፤ ስድስቱ ሲያልቁ የአንድ ደቂቃ ዕረፍት ተሰጥቶ ዙሩ እንደገና ይጀመራል፤ በጠቅላላው አራት ዙር ነው። ያን ዕለት የነበሩት እንቅስቃሴዎች ጃምፒንግ ጃክ (እጅና እግርን እየከፈቱና እየዘጉ መዝለል)፣ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሣት)፣ ማውንቴን ክላይምበር (በእጅ መሬት ተደግፎ ጉልበትን እያፈራረቁ ወደ ደረት መሳብ)፣ በርፒ (ቁጢጥ ብሎ እግርን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ተመልሶ እየዘለሉ መነሣት)፣ ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) እና ጉልበትን ወደ ደረት እያነሡ በቦታ መሮጥ ነበሩ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ሆኖም 20 ሴኮንድ ላልሠለጠነ ሰው ትንፋሽ ለመመለስ በፍጹም አይበቃም፤ ስለዚህ ድካሙ ከአንዱ እንቅስቃሴ ወደሚቀጥለው እየተሸጋገረ ይጠራቀማል፤ አራተኛው ላይ የደረሰ ሰው የሦስቱን ዕዳ ተሸክሞ ነው የሚጀምረው።

ስህተቴ የተጀመረው ግን ጂሙ ውስጥ ሳልገባ ነው። ዕለቱ ረቡዕ በመሆኑ ጾሜን ውዬ እህል የቀመስኩት 11 ሰዓት ላይ ነበር፤ ርቦኝ ስለነበር ሽሮ በእንጀራ እስክጠግብ በላሁ፤ ቡናም ጠጣሁ፤ ውኃ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልጠጣሁም። ክፍለ ጊዜው የተጀመረው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከባድ እንቅስቃሴ ስንሠራ ሰውነት ደሙን ከሆድ ቀንሶ ወደሚሠሩት ጡንቻዎች ይልካል፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት የገባው ምግብ ገና ሳይፈጭ እዚያው ይቀርና ያቅለሸልሻል። ዛሬ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ቀደም ብዬ እበላለሁ፤ ጊዜ ከጠበበኝ አንድ ሙዝ ወይም ጥቂት ቴምር ይበቃኛል፤ ውኃውንም በቀኑ ውስጥ ከፋፍዬ እጠጣለሁ እንጂ ልገባ ስል አንድ ሊትር አልጠጣም።

ሁለተኛው ስህተት አዲስ መሆኔን አለመናገሬ ነው። እውነቱን ለመናገር የጠየቀኝም አልነበረም። በር ላይ ክፍያ ተቀበሉኝ፤ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ አስም፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ እርግዝና አንድም ጥያቄ አልቀረበልኝም። ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ከአዲስ ገቢ ጋር ሁለት ደቂቃ ማውራት ለአሠልጣኙም ለተሠልጣኙም ደኅንነት ነው። ነገር ግን ጠያቂ በሌለበት ቦታ ተጠያቂው ራሱ አፉን መክፈት ይኖርበታል። እኔ ይህን ባለማድረጌ አሠልጣኙ በቦታው ካሉት ለወራት ከሠሩ ሰዎች ጋር አንድ አድርጎ ቆጠረኝ።

ሦስተኛው የቆምኩበት ቦታ ነው። አሠልጣኙን በደንብ ለማየት ብዬ ፊተኛው ረድፍ ላይ ቆምኩ፤ ግራና ቀኜ በሃያዎቹ ዕድሜ የሚገኙ፣ ለወራት አብረው የሠሩ ወጣቶች ነበሩ። ከፊታችን ግድግዳውን የሞላ መስታወት አለ። ሙዚቃው ከፍ ብሏል፤ አሠልጣኙ «እንበርታ! ዐሥር ሴኮንድ ቀረ! ማንም እንዳይቆም!» ይላል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሰው የራሱን ሰውነት መስማት ይሳነዋል። የመጀመሪያውን ዙር ሙሉ በሙሉ የሠራሁት ከጎኔ ባለችው ልጅ ፍጥነት ነው፤ እሷ 40 ሴኮንድ ውስጥ 12 በርፒ ስትሠራ እኔም 12 ለመሥራት ታገልኩ። ስኳት ላይ ጉልበቴ ወደ ውስጥ እየታጠፈ፣ ፕላንክ ላይ ወገቤ እየወረደ፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ ትንፋሼን እየያዝኩ ነበር። በጥረት ጊዜ ትንፋሽ መያዝ የደም ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል፤ እንቅስቃሴው ሲያበቃ ደግሞ ማዞር ያመጣል። ጀማሪ ሁሉ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ስንጫን ወይም ስንነሣ አየር ማስወጣት፣ ስንወርድ ማስገባት፤ መቁጠር ካቃተን ደግሞ ቢያንስ አፍን አለመዝጋት።

በሁለተኛው ዙር አራተኛው እንቅስቃሴ ላይ፣ ማለትም በርፒው ላይ፣ ተነሥቼ መቆም አቃተኝ። ወደ ግድግዳው ሄጄ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ይህም አራተኛው ስህተት ነበር። እግር በኃይል ሲሠራ የእግር ጡንቻዎች ደሙን ወደ ልብ እየገፉ ይመልሱታል፤ በድንገት ስንቆም ግፊቱ ይቋረጥና ደሙ እግር ውስጥ ይቀራል፤ ወደ አንጎል የሚደርሰው ለአፍታ ይቀንሳል። ዓይኔ የጨለመው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ኋለኛው ረድፍ ላይ ይሠሩ የነበሩ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የሚመስሉ እናት ሥራቸውን አቁመው ወደ እኔ መጡ።

«የኔ ልጅ፣ አትቁሚ፤ ነይ ከእኔ ጋር ቀስ እያልሽ ተራመጂ» አሉኝ።

«ልወድቅ ነው እትዬ፤ ልቀመጥ» አልኳቸው።

«ልትወድቂ ከሆነማ ተቀመጪ፤ እግርሽን ግን ዘርጊ፣ አንገትሽን ዝቅ አድርጊ። ቀለል ሲልሽ እንራመዳለን። ማንም አያባርርሽም።»

ለሁለት ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ፤ ከዚያም ክንዴን ይዘው በክፍሉ ዳር ወዲያና ወዲህ አራመዱኝ። ዓይኔ ተመለሰ። እሳቸው ለሁለት ዓመት እዚያ እንደሠሩና አንድም ቀን ዝላይ እንዳልሠሩ ነገሩኝ፤ ሌላው ሲዘል እሳቸው ይራመዳሉ፣ ሌላው መሬት ላይ ፑሽ አፕ ሲሠራ እሳቸው ግድግዳ ላይ ይሠራሉ። ፊተኛው ረድፍ ላይ ሆኜ መስታወቱን ሳይ ያላየሁት ነገር ይህ ነበር፤ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሙዚቃ፣ በዚያው ሰዓት ሌላ መጠን ያለው ሥራ እየተሠራ ነበር።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ሕመሙ ከጠበቅሁት በታች ነበር፤ ዓርብ ግን ከቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ በደረጃው መውረድ አቅቶኝ የእጅ መደገፊያውን በሁለት እጄ ይዤ ወረድኩ። ይህን ማወቅ ለጀማሪ አስፈላጊ ነው። ያልለመደ ጡንቻ ሲሠራ ሕመሙ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚበረታው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ቢብስ አዲስ ጉዳት ደረሰብኝ ብሎ መደንገጥ አይገባም። ብዙ ሰው ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው ይላል፤ ነገር ግን እሱ ከእንቅስቃሴው በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከጡንቻ ይወገዳል። የሚያመው ጡንቻ እየተዘረጋ ክብደት ሲሸከም በቃጫዎቹ ላይ የሚደርሰው ጥቃቅን መሰነጣጠቅና እሱን ለመጠገን የሚነሣው ብግነት ነው። ደረጃ ከመውጣት ይልቅ መውረድ የሚያሠቃየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስንወርድ የጭናችን ጡንቻ እየተዘረጋ ሸክማችንን ይይዛል። ቀስ ብሎ መራመድ፣ ለብ ባለ ውኃ መታጠብና በቂ እንቅልፍ ረድተውኛል፤ ሙሉ ቀን አልጋ ላይ መዋል ግን አላሻለኝም።

አንድ ነገር ግን እንደ ተራ ሕመም መታየት የለበትም። ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ወይም እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ጡንቻው ካበጠ፣ ድካሙ ከመጠን ካለፈ፣ በፍጥነት ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ከአቅም በላይ የተሠራበት ጡንቻ ሲፈርስ ወደ ደም የሚገባው ነገር ኩላሊትን ይጎዳል፤ ይህም ለረጅም ጊዜ ሳይሠሩ ቆይተው በአንድ ቀን ብዙ በሚሠሩ ሰዎች ላይ ይደርሳል። በሥራ ላይ ሳሉ የደረት ሕመም ወይም ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚሄድ ጫና የሚሰማው፣ ወይም ራሱን የሚስት ሰው እዚያው ማቆም አለበት፤ ሙዚቃው እስኪያልቅ ልታገሥ ማለት አይገባም።

ወደዚያ ቤት የተመለስኩት ከ12 ቀናት በኋላ ነው። ያስመለሰኝ የእናትዬዋ ሥራ ነበር፤ እሳቸው ሁለት ዓመት የቆዩበትን ነገር እኔ በ19 ደቂቃ የተውኩት አቅም ስላነሰኝ ነው ወይስ መጠኑን ስላላወቅሁ ነው የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ። አስቀድሜ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ እናቴ የደም ግፊት ታማሚ ስለሆነች ለእኔ ይህ ሊታለፍ የማይገባ ነበር። ግፊቴ 132 በ84 ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪሙ እንድሠራ ፈቀደልኝ፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እንድጨምር አሳሰበኝ። የልብ፣ የግፊት፣ የስኳር ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም ሴት፣ ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ ወደ እንዲህ ያለ ሥልጠና ባይገቡ ይሻላል። ለስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከሥራው በፊትና በኋላ ስኳራቸውን መለካት እንዳለባቸውም እዚያው ሰማሁ።

በዚህኛው ጊዜ ክፍለ ጊዜው ሊጀመር 15 ደቂቃ ሲቀረው ደርሼ አሠልጣኙን አነጋገርኩት። ያለፈውን ነገርኩት፤ በጣም አዘነ፤ «እህቴ፣ ለምን አልነገርሽኝም? እኔም መጠየቅ ነበረብኝ» አለኝ። ከዚያም ለእኔ የሚሆን መጠን አብረን ቀመርን። 40 ሴኮንድ ሳይሆን 20 ሴኮንድ ሠርቼ 40 ሴኮንድ እንዳርፍ፤ ከአራቱ ዙር ሁለቱን ብቻ እንድሠራ፤ ጃምፒንግ ጃክን ሳልዘል አንድ እግር ወደ ጎን እያወጣሁ፤ ስኳትን አግዳሚ ወንበር እስክነካ ድረስ ብቻ እየወረድኩ፤ ፕላንክን በጉልበቴ ተንበርክኬ፤ በርፒን እጄን አግዳሚው ላይ አድርጌ እግሬን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየወሰድኩ። ቦታዬም ኋለኛው ረድፍ፣ ከግድግዳው አጠገብ ሆነ።

ስለ በርፒ በኋላ ያወቅሁት ነገር ብዙ አጽናንቶኛል። ይህ እንቅስቃሴ ስሙን ያገኘው ሮያል በርፒ ከተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ጥናቱ የሰውን የአካል ብቃት በፍጥነት ለመፈተን ያዘጋጀው ነው። እሱ ያዘጋጀው ቁጢጥ ማለትን፣ እግርን ወደ ኋላ መዘርጋትን፣ መመለስንና መቆምን ብቻ የያዘ ነበር፤ ፑሽ አፑና ወደ ላይ መዝለሉ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። የሚሠራውም አራት ጊዜ ብቻ ሆኖ የልብ ምት ይለካበት ነበር። ስለዚህ ሳይዘል በርፒ የሚሠራ ጀማሪ የጎደለ ነገር አልሠራም።

ታባታ ስለሚባለውም እንዲሁ ነው። በየጂሙ 20 ሴኮንድ ሠርቶ 10 ሴኮንድ የማረፍ ሥልት በዚህ ስም ይጠራል፤ ስሙም እ.ኤ.አ. በ1996 ጥናቱን ካሳተሙት ጃፓናዊው ተመራማሪ ኢዙሚ ታባታ የመጣ ነው። ነገር ግን በዚያ ጥናት የተሳተፉት ስፖርት የለመዱ ወጣቶች ነበሩ፤ የሠሩትም በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ፣ አቅማቸው እስኪሟጠጥ ድረስ ነው፤ ሥልቱም ከጃፓን የበረዶ መንሸራተት ቡድን አሠልጣኝ የተወሰደ ነበር። ለዓመታት የተቀመጠ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት እዚያ ደረጃ ላይ ራሱን እንዲያስገድድ ጥናቱ አይነግረውም።

«ከፍተኛ ጥረት» የሚለው ቃል የሚለካው በሠሪው ሰውነት ነው። ይህን የተረዳሁት የልብ ምቴን መቁጠር ስጀምር ነው። ከዕረፍቱ መጀመሪያ ላይ ሁለት ጣት አንጓዬ ላይ አድርጌ 15 ሴኮንድ እቆጥርና በአራት አባዛለሁ። የአንድ ሰው ከፍተኛ የልብ ምት በግምት 220 ሲቀነስ ዕድሜው ነው ይባላል፤ ለእኔ 181 ይመጣል፤ ግምት ስለሆነ ከሰው ሰው ይለያያል። በሁለተኛው ሙከራዬ፣ ያን ሁሉ ካቀለልኩ በኋላ እንኳ፣ 41 ቆጠርኩ፤ ይህም በደቂቃ 164 ማለት ነው። ከጎኔ የምትዘለው ልጅ ስትቆጥር ከእኔ ያነሰ መጣላት። እኔ አግዳሚ ወንበር ተደግፌ እየሠራሁ ከእሷ የበለጠ ጥረት ላይ ነበርኩ። መቁጠር የማይመቸው ሰው በንግግር ሊለካ ይችላል፤ በሥራው ጊዜ ከሁለት ሦስት ቃል በላይ መናገር ካቃተው ጥረቱ ከፍተኛ ነው፤ በዕረፍቱ ማብቂያ ላይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ ግን ቀጣዩን እንቅስቃሴ መተው አለበት። ይህን ሁለተኛውን መለኪያ እስከ ዛሬ አጥብቄ እይዛለሁ።

በዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚህ የኖርን ሰውነታችን ለምዶታል፤ ከዱባይ ለዕረፍት የመጣች አንዲት ዘመዴ ግን እዚያ በየቀኑ እየሮጠች ሳለ ከእኛ ጋር ስትሠራ በመጀመሪያው ዙር ትንፋሽ አጠራት። ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ አገር የሚመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእግር ጉዞ ቢያሳልፍ ጥሩ ነው።

ጫማ ላይም አንድ ቃል ልጨምር። በመጀመሪያው ምሽት ሶሉ የሳሳ አሮጌ ሸራ ጫማ አድርጌ ነበር፤ ጂሙ ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ እያንዳንዱ ዝላይ ወደ ጉልበቴ ይመጣ ነበር። ውድ ጫማ አያስፈልግም፤ ተረከዝ የሚይዝ፣ ወደ ጎን ሲረግጡ የማይገለበጥ፣ ሶሉ ያልተበላ ከሆነ ይበቃል።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የቀመርነውን መጠን አልቀየርኩም። በአራተኛው ሦስተኛውን ዙር ጨመርኩ፤ በሰባተኛው 30 በ30 አደረግሁ። ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት አልጨምርም፤ ዙር ከጨመርኩ ጊዜውን አልነካም። በሁለት ክፍለ ጊዜዎች መካከል ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ሁለቱን ማቀላቀልም ይቻላል። እኔ ከሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች ሌላ ማታ ማታ ከቢሮ ስመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ለውጡን ያየሁት በሚዛን ላይ አይደለም፤ ክብደቴ የቀነሰው ከሁለት ኪሎ ያነሰ ነው። ያየሁት በልቤ ምት ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ከ164 ተነሥቶ ከአንድ ደቂቃ ዕረፍት በኋላ 144 ላይ ይቆይ የነበረው፣ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ከ160 ተነሥቶ በዚያው አንድ ደቂቃ ወደ 124 ወረደ። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ወዲያው ስልክ ማንሣትና ሳላቋርጥ ማውራት ቻልኩ። ይህን ያወቅሁ ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ለእናትዬዋ ደወልኩላቸው።

የሚዘለውን በርፒ እስከ ዛሬ አልሠራም፤ ግራ ጉልበቴ ስለማይወደው እግሬን አንድ በአንድ እየወሰድኩ እሠራለሁ። ቀኖቼን ከረቡዕ ወደ ማክሰኞና ሐሙስ አዛውሬአለሁ፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ዙሩን ወደ ሁለት ቀንሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት በልቼና ጠጥቼ ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ እገባለሁ። ቦታዬ አሁንም ኋለኛው ረድፍ፣ ከእትዬ ቀጥሎ ነው።